ክራንች የሚጎትት የለም

ጥቅምት 4

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰነባበተ። መልሱ የዘገየው ከፕሬሱ ሥር ቀና የምልበት ጊዜ ስላጣሁ ነውና ቅር አይበልህ። ደህና ነህ ወይ? እማዬስ? ጉልበቷ ተሽሏታል በለኝ፤ ካልተሻላትም እውነቱን ንገረኝ፣ ማባበል አልወድም።

መጀመሪያ የእሷን ጥያቄ ልመልስ። ከማግኒዚየም የምንሠራልህ ክራንች አይነድም በላት። አንተ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ ብለህ በየዓመቱ ተማሪዎችህ ፊት የማግኒዚየም ሪባን እያቃጠልክ ስታስጨበጭብ ሰምታለች። አሁን «ልጄ ያንን የሚነድ ነገር በብብቱ ይዞ ሊሄድ ነው» ብላ ብትጨነቅ አልፈርድባትም። ቀጭኑ ሪባን በክብሪት ይያያዛል። ወፍራም ቱቦ ግን ሙቀቱን ወዲያው ወደ መላ አካሉ ስለሚበትነው ክብሪት ምንም አያደርገውም። እኛ የምንፈራው ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀውን ፍርፋሪ ነው። እሱ ከተያያዘ ውሃ አይነካውም፣ አሸዋ ነው የሚደፋበት፤ በየጥጉም በባልዲ አስቀምጠናል። ክራንች ላይ ፍርፋሪ የለም፤ ይህን ንገራትና ተኝታ ትደር።

«ለምን ትገፉታላችሁ፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ቢፈስ አይበቃም ወይ?» ላልከው ደግሞ፣ አይበቃም። ቀልጦ የፈሰሰ ማግኒዚየም ቀላል ነው፤ ውስጡ ግን ቅንጣቱ ትልልቅ ስለሆነ ትንሽ ስታስቸግረው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሌሎች ብረቶችን ጥቂት ጥቂት እንቀይጥበትና፣ በምድጃ አሙቀን፣ በፕሬሱ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል እንገፋዋለን። ሲያልፍ ቅንጣቱ ይደቃል፣ ቅይጡም ይጠነክራል። ሊጥ ሳይታሸ ሲቀር ምን እንደሚሆን ታውቅ የለ? እንደዚያ በለው።

ባለፈው ሳምንት የወጣውን ቱቦ በመጎተቻው ማሽን ላይ ጠፍረን ጎተትነው። ቀልጦ ከፈሰሰው እጥፍ ያህል ቻለ! ጮህኩ። ሥራ አስኪያጃችን፣ በሌለበት ጋሽ ቶሎቶሎ የምንለው፣ ከቢሮው ወርዶ ጨበጠኝ። የአንተ ክራንች የሚሠራው ከዚህ ቱቦ ነው። እንደ ላባ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ የእንጨቱን ከያዝክ በኋላ እሱን ስትይዝ ግን አንድ ነገር የረሳህ ይመስልሃል።

ስለ ትከሻህ አንድ ቃል አልጻፍክም። ሐኪም ጋ ሄድክ ወይስ አልሄድክም?

እህትህ

ጥቅምት 21

እታለም፣ መዶሻዬ፣

ሰላምታሽ ለሁለታችንም ደርሶናል። እማዬ «ጉልበቴን የምትጠይቅ ሰው መጥታ ትየው» ብላለች፤ ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዳስተላልፍ አስምላኛለች።

ምን አባቴ ብዬ ነው «አሸዋ ነው የሚደፋበት» የሚለውን ያነበብኩላት! ወዲያው ወጥታ አንድ አሮጌ ጣሳ አሸዋ ሞልታ መጣችና ከአልጋዬ ሥር አስቀመጠችው። ክራንቹ ገና አልተሠራም፣ የእሳት አደጋ መከላከያው ግን ተዘጋጅቷል። ጠዋት ስነሳ እግሬን የምመታበት አንድ ነገር ጎድሎኝ ነበር፣ ተሟላ።

ለመምህራን ሁሉ ነግሬያለሁ። እህቴ ብረት እየገፋች ታጠነክራለች ስላቸው የስፖርቱ መምህር በእጇ መስሎት ዓይኑ ፈጠጠ፤ አላረምኩትም። ርዕሰ መምህሩ ግን አሁንም ክፍሌን ከላይኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት ላውርደው ይላል። «ለራስህ ብለን ነው» አለኝ። «ለራሴ እኔው ልበልለት» አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ «ለራስህ ብለን ነው» ያለኝ ሰው ሁሉ የፈለገው እኔን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው። አንቺ ብቻ ነሽ ያላልሽኝ፤ ያን ጊዜም ስወድቅ ትስቂብኝ ነበር።

ስለ ትከሻዬ ጠይቀሻል። ደህና ነው። ሌላ እናውራ።

አንዲት ትንሽ ወረቀት አጥፌ ከዚህ ጋር አስገብቻለሁ። የኬሚስትሪ ሳትሆን የክራንች ጥያቄ ናት። ቸኩለሽ አትመልሺልኝ፣ ግን መልሺልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 5

ወንድሜ፣

ያቺን ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። «ክራንች የሚጎትት ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሲጫኑትስ ምን ይላል?» ብለሃል። ለሥራ ባልደረቦቼ ላነብላቸው ብድግ አልኩና መንገድ ላይ ሳቄ ቀዘቀዘ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እዚህ ያለን ሰዎች ሁሉ ይህንን ተምረነዋል። በቀዳዳ የተገፋ ማግኒዚየም ቅንጣቶቹ በአንድ ወገን ተኝተው ነው የሚወጡት። በርዝመቱ ሲጎትቱት ድንቅ ነው። በዚያው በርዝመቱ ሲጫኑት ግን ቅንጣቶቹ ገልበጥ ገልበጥ ይሉና ቶሎ እጅ ይሰጣል። ይህን እያወቅን ለምን አልተጫንነውም? የመጎተቻው ማሽን አዲስ ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ የሚታየው እሱ ነው፤ የሚያወጣው ቁጥርም ያኮራል። መጫኛው ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሸራውን ገልጦ የሚያይ አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ከቱቦው አንድ ቁራጭ ቆርጬ ሸራውን ገለጥኩና ተጫንኩት። ሲጎተት የቻለውን ግማሽ ያህል ላይ ሲደርስ ሆዱ ተነፋ፣ ጎበጠም። ሌላ ቆረጥኩ፣ ያው ሆነ። ምሳዬን አልበላሁም።

ቁራጮቹን ይዤ ወደ ጋሽ ቶሎቶሎ ወጣሁ።

«ይህ ቱቦ ሲጫኑት አይችልም» አልኩት።

«እጥፍ ቻለ ብላችሁ አስጨብጭባችሁኝ የለም እንዴ?»

«ሲጎተት ነዋ! ክራንች ላይ ሰው ይጫናል። በተለይ ደረጃ ሲወርድ ሙሉ ክብደቱ በአንዱ ላይ ያርፋል።»

«አንቺ ልጅ፣ ለክራንቹ ምረቃ እንግዳ ጠርቻለሁ፣ አዳራሽ ይዣለሁ። አሁን አዲስ ነገር አታምጪብኝ። ይልቅ ቱቦው ተፈትኖ አልፏል በሚለው ወረቀት ላይ ፈርሚና ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

«አልፈርምም» አልኩት። ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ሁለት ቀዳዳዎች እንደ ክርን ታጥፈው የተገናኙበት ቅርጽ አለን። ድፍኑ ብረት በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ውፍረቱ ሳይቀየር ውስጡ ይታሻል። አውጥተህ፣ አዙረህ፣ ደግመህ ታስገባዋለህ፤ ደግሞም ደግመህ። ቅንጣቶቹ በጣም ሲደቁ መገልበጥ ያቅታቸዋል፤ በአንድ ወገን መተኛታቸውም ይበተናል። ከዚያ በኋላ ቱቦ ቢሆን ሲጎተትም ሲጫንም የተቀራረበ ይችላል። ጊዜ ግን ይፈጃል፤ ጋሽ ቶሎቶሎ ደግሞ ጊዜ የሚባል ነገር ያመዋል።

ስለዚህ ክራንችህ ይዘገያል። እዚህ ላይ ይቅርታ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አልጽፍም።

እህትህ

ኅዳር 16

እታለም፣

ተቆጥቻለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ መዶሻዬ አልልሽም።

ከደብዳቤሽ ቀድሞ ከፋብሪካችሁ ሌላ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። በአዲሱ ክራንች ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የሚሄደው ሰው እኔ እንድሆን ተመርጫለሁ። «የእህትዎ የሥራ ፍሬ» ይላል። ላስደንቅሽ ብዬ ደበቅኩሽ። እሺ ብዬ መልሻለሁ፣ ሱፍ አሰፍቻለሁ፣ እማዬ ለጎረቤት ሁሉ ለፍፋለች። አሁን ሳስበው ለምን እኔን እንደመረጡ ይገባኛል። ወንድምሽ ቆሞበት አንቺ አይቻልም ብትዪ ማን ይሰማሻል? ተንኮሉ ገብቶኛል። ግን እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለ ትከሻዬ እውነቱን ትፈልጊያለሽ? ይኸውልሽ። ሐኪሙ ጅማቱ እየተበጣጠሰ ነው አለ። እንጨቱን ጣልና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጥ አለኝ። ቀላል ክራንች ባገኝስ ስለው «እሱማ ሌላ ነገር ነው» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋት የምነሳው በዚያ በአንድ አረፍተ ነገር ነው። ሸሚዝ ስለብስ እማዬ እጄን ታስገባልኛለች። የማላያት መስሏት ታለቅሳለች፣ እኔም ያላየኋት መስዬ አፏጫለሁ።

እና አሁን አንቺም «ለራስህ ብዬ ነው» ልትዪኝ ነው? አንቺም? ይጎብጣል ካልሽ ይጉበጥ! መውደቅን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ወድቄ የማላውቅበት የዚህ ከተማ ደረጃ ካለ አሳዪኝ። እኔ የምፈራው መውደቅን አይደለም፣ መቀመጥን ነው።

ስትመልሺ አስበሽ መልሺ።

ወንድምሽ

ኅዳር 25

ወንድሜ፣

ቁጣህ ደርሶኛል። ከቀልድህ እሱ ይሻለኛል፣ ቢያንስ ስለ ትከሻህ አልዋሸኝም። አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ተናደድኩ፤ አንተ እስካሁን ብቻህን ይህንን ተሸክመህ «ሌላ እናውራ» ማለትህ አናደደኝ። ስንገናኝ ጆሮህን ነው የምይዘው።

አስበሽ መልሺ ብለኸኛል፣ አስቤያለሁ። ለራስህ ብዬ አይደለም። ጋሽ ቶሎቶሎ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ክራንቹን በየከተማው ሊያድል ነው። ከአንተ ኋላ የተሰለፉ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን አላውቅም፣ ወንድማቸው ወይም እህታቸው ግን እንደኔ ይሆናሉ። ከነሱ አንዷ ልጅ አዝላ ትሆናለች። አንዱ መኪና መንገድ መሃል ይሆናል። አንተ መውደቅ ታውቅበታለህ፤ እኔ ደግሞ ማግኒዚየም አውቃለሁ።

አትምጣ አልልህም። ያንተን እግር መንገድ የማዘው እኔ አይደለሁም። የማውቀውን ግን ልንገርህ። ቱቦው እጅ የሚሰጠው ከመያዣው ዝቅ ብሎ፣ ቁመቱን የምታስተካክልባቸው ቀዳዳዎች ያሉበት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ስትሄድ ለጊዜው ምንም አይሆንም። አንድ ቀን ደረጃ ስትወርድ ለዓይን የማይታይ ጎባጣ ይይዛል። ከዚያ ወዲህ ቆመህ የምትሄደው በዕድልህ ነው። ጋሽ ቶሎቶሎም ይህን በደንብ ያውቀዋል፣ ቁራጮቹን እያሳየሁ ነግሬዋለሁ።

እኔን የጠየቅከኝ እንደሆነ፣ ፕሬሱን ቀምተውኛል። አሁን በሩ አጠገብ አስቀምጠውኝ ለጎብኚ ባጅ አድላለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲገባ ባጅ ልስጥዎት ወይ እለዋለሁ፤ በንዴት ይቀላል። አንድ ጊዜ ብቻ ብትፈርሚ ወደ ማሽንሽ ትመለሻለሽ ይሉኛል። ወንበሩ ይመቻል፣ አትጨነቁ እላቸዋለሁ። ወንድሜ፣ አይመችም። የመቀመጥን ነገር አንተ የምትለውን አሁን ነው በደንብ የተረዳሁት። ቢሆንም አልፈርምም።

በምረቃው ቀን አዳራሽ እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ብገባም አላጨበጭብም ነበር፣ ላንተም ቢሆን።

እህትህ

ታኅሣሥ 4

እታለም፣

እመጣለሁ። አታልቅሺ፣ አትለምኚኝ፣ ሱፉንም አትሳቂበት። የእንጨቶቹን ይዤ ነው የምመጣው። ሌላውን እዚያው አስብበታለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 17

እታለም፣ መዶሻዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የአውቶቡሱ ሾፌር ቸኩሎ በመስኮት ከመጨባበጥ በቀር ምንም ሳንባባል ቀረን። አንቺ «ምን አደረግክ?» ብለሽ ስትጮሂ ሰምቼሻለሁ። ያደረግኩትን ልንገርሽ፣ እነሱ ሳያጣምሙት ከኔ ስሚው።

መድረክ ላይ አወጡኝ። ክራንቹን ሥራ አስኪያጁ ራሱ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ያዝኩት። እታለም፣ ልንገርሽ አይደል? ልቤ ቀጥ አለ። ያን ያህል ቀላል ነገር ይዤ አላውቅም። ትከሻዬ ወዲያው አወቀው፤ እንባዬ መጣ፣ ሰዎቹም ደስታ መስሏቸው አጨበጨቡ። በዚያች ሰዓት አንቺንም፣ ማሽንሽንም፣ ከኋላዬ የተሰለፉትንም ረስቼ ይዤው ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ይህንን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ማይኩን ሰጡኝ። «አመሰግናለሁ» አልኩ። «እኔ ቀላል ሰው ነኝ፣ በእኔ አይመዘንም። ሥራ አስኪያጃችን ከኔ ገዘፍ ያሉ ናቸው። እባክዎ፣ መጀመሪያ እርስዎ በዚህ ተደግፈው እነዚያን የመድረኩን ደረጃዎች ይውረዱልንና እኔ እከተላለሁ» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ክራንቹን እንደዘረጋሁ ቆየሁ።

«ኧረ ተው አንተ፣ ለኔ ቁመት አይሆንም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ቀዳዳዎች አሉት፣ ላስተካክልልዎት?»

ሳቁ ቆመ። ደረጃውን አየ፣ ክራንቹን አየ፣ እጁን ከኋላው አደረገ። ምክትሉን ለመንኩ፣ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ፊት ከተቀመጡት አንዲት ሴትዮ፣ ክራንቹን ያዘዘው መሥሪያ ቤት ኃላፊ መሰለችኝ፣ ተነስታ «ለምንድን ነው የማይሞክሩት?» ብላ ጠየቀች።

ክራንቹን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩና በእንጨቶቼ ደረጃውን ወረድኩ። ትከሻዬ በየደረጃው ጮኸብኝ። አንድም ጊዜ አልቆምኩም።

አሁን አንድ ነገር አለብሽ፤ ፕሬስሽን አስመልሺ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ያንቺ ጉዳይ ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 29

ወንድሜ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌልህ መልስ ሳጣ እማዬን በጎረቤት ስልክ ደወልኩላት። ነገረችኝ። ወንበሩ መጥቷል፣ ክፍልህም ምድር ቤት ወርዷል። እንዳልሰማ ብለህ ነው ዝም ያልከው። አልጸጸትም ብልህ ውሸት ነው፤ ምነው በፈረምኩ ብልህ ደግሞ ከዚያ የባሰ ውሸት ነው። ሁለቱንም ይዤ ነው ስሠራ የከረምኩት።

አዎ፣ ስሠራ። አዳራሹ ውስጥ የጠየቀችው ሴትዮ ዝም አላለችም። በሳምንቱ ሰዎቿን ይዛ መጣች፤ ባጅ የሰጠኋት እኔ ነኝ። «ሲጫን አሳዩኝ» አለች። ሸራው ተገለጠ፣ ቱቦው ፊቷ ጎበጠ፣ እደላውም ታገደ። በማግስቱ ጋሽ ቶሎቶሎ ጠራኝና በወንድሜ ስም ይቅርታ ጽፌ ወደ ፕሬሱ እንድመለስ ነገረኝ። «ወንድሜ አፍ አለው፣ እሱን ይጠይቁት። እኔ ደግሞ ፕሬሱን ነው የምፈልገው» አልኩትና ቱታዬን ለብሼ ወረድኩ። ከዚያ ያስወጣኝ የለም።

መጀመሪያ ብረቱ የዚያን የታጠፈ ቅርጽ ክርን ሲያልፍ እንደ ብስኩት ተሰነጣጠቀብን፤ ቀዝቃዛ ነበር። ስናግለው ደግሞ የደቀቀው ቅንጣት መልሶ አደገ። ሰዎቹ ተዪው አሉኝ። ተዪው ሲሉኝ የባሰብኝ እልህ ይዞኝ ነበር። በመጨረሻ ሞቅ አድርገን እየጀመርን፣ አዙረን በመለስነው ቁጥር ሙቀቱን እየቀነስን፣ በጣም ቀስ ብለን ገፋነው። ቀስ ማለት እዚህ ቤት እንደ ስድብ ነው የሚታየው። ሳይሰነጠቅ ወጣ። ቱቦ አደረግነው፣ ጎተትነው፣ ተጫንነው። ሲጎተት አዳራሽ ውስጥ ከተፎከረበት ቁጥር ያንሳል። ሲጫን ግን ከሚጎተተው እምብዛም አይርቅም። ማንም እንዲጨብጠኝ አልጠበቅኩም፣ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ክራንቾቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ናቸው። ቀዳዳዎቹ ባሉበት በኩል ግድግዳውን አወፍሬዋለሁ፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ከያዝከው ይከብዳሉ። ከእንጨቱ ግን በጣም ይቀላሉ፣ ሐኪምህን አሳየው። ስለ ክብደታቸው የፈለግከውን ያህል ስደበኝ፤ በሌላ ግን የምትሰድብበት ምክንያት አትፈልግ፣ አታገኝም።

ረጅም ደብዳቤ ጻፍልኝ። ሁሉንም ንገረኝ፣ እንዴት እንደሆኑልህ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ አንድም ሳታስቀር።

እህትህ

መጋቢት 12

እታለም፣ መዶሻዬ፣

ደርሰውኛል። ሐኪሙም አይቷቸው እሺ ብሏል። ስድቡ ብዙ ስለሆነ በአካል ስንገናኝ አደርስልሻለሁ።

ይህችን የምጽፈው ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፌ ነው። ረጅም ደብዳቤ ጻፍልኝ ብለሻል። ረጅም ደብዳቤ መቀመጥ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ዛሬ አልቀመጥም።

ወንድምሽ